«ኮምፒውተር» የሰው መጠሪያ በነበረ ጊዜ

በቅርቡ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድናችን አካውንቲንግ የምትማር አንዲት እህት እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት የእኔን ሥራ በደቂቃ የሚጨርስ ከሆነ፣ አራት ዓመት የምማረው ለምንድን ነው?» ሁላችንም ዝም አልን። «ጌታ ያውቃል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ እውነትም ጌታ ያውቃል። ነገር ግን በዚህ ጥያቄ ውስጥ ከእኛ በፊት ያለፉ ሰዎች አሉና የአንዷን ታሪክ ላካፍላችሁ። ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኮምፒውተር» የሚለው ቃል የማሽን ስም ከመሆኑ በፊት የሰው የሥራ መጠሪያ ነበር። በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት በሚገኘው የላንግሌይ የበረራ ምርምር ማዕከል ብዙ ሴቶች በዚህ መጠሪያ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። መሐንዲሶች አውሮፕላንን በነፋስ ኃይል ሲፈትኑ የሚገኘውን ቁጥር ተቀብለው በወረቀት፣ በእርሳስና በሂሳብ መኪና ያሰሉ ነበር።

ዶሮቲ ቮን ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ነበረች። በ1910 ተወለደች፤ የሂሳብ መምህርትም ሆነች። በ1943፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ላንግሌይ ተቀጠረች። ጥቁር ሴቶች የሚሠሩት በተለየ ክፍል ነበር፤ የምሳ ጠረጴዛቸውና መጸዳጃቸው እንኳ ከነጮቹ የተለየ ነበር። በ1949 ዶሮቲ የዚህ ክፍል ኃላፊ ሆነች። በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ኃላፊ እርሷ ናት።

በ1958 መሥሪያ ቤቱ ናሳ ሲሆን በዘር የተለየው ክፍል ተዘጋ። ይህ ትልቅ ድል ነበር፤ ነገር ግን ከክፍሉ ጋር የዶሮቲ ኃላፊነትም አብሮ ቀረ። በዚያው ዘመን ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተሮች እየገቡ ነበር። እርሷና ጓደኞቿ ለዓመታት በእጃቸው ሲሠሩት የኖሩትን ስሌት ማሽኑ በፍጥነት ይሠራው ጀመር።

ዶሮቲ ምን አደረገች? ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ሳለ ለማሽኑ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ፎርትራን የተባለ ቋንቋ ተማረች። በዚህም አላቆመችም፤ ለሥራ ባልደረቦቿ አስተማረች። ያወቀችውን ለራሷ ብቻ ይዛ መቅረት ትችል ነበር።

የእህታችንን ጥያቄ የሚነካ አንድ ነገር ልጨምር። በ1962 ጠፈርተኛው ጆን ግሌን ምድርን ሊዞር ሲዘጋጅ፣ ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ካትሪን ጆንሰን በእጇ እንድታረጋግጥለት ጠየቀ። ካትሪን ላንግሌይ ስትገባ ሥራ የጀመረችው በዶሮቲ ክፍል ነበር። ማሽኑ ስሌቱን ሠርቶ ነበር፤ ትክክል መሆኑን ለማየት ግን ሂሳቡን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው አስፈለገ። ያልተማረ ሰው የማሽንን ስህተት በምን ይለያል?

ታሪኩን ግን አላሳምርላችሁም። ዶሮቲ በ1971 ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የኃላፊነት ቦታ ዳግመኛ አላገኘችም። የተማረና የተጋ ሰው ሁሉ የሚገባውን ዋጋ ከአሠሪው ያገኛል ብዬ ብነግራችሁ እዋሻለሁ። በቤተ ክርስቲያኗ በመዝሙርና በሚሲዮን አገልግሎት የተጋች ሴት ነበረች፤ ክብሯ በወንበሯ ላይ ብቻ የተመሠረተ አልነበረም።

ዘጸአት 35ን ስታነቡ ባስልኤልን ታገኛላችሁ። እግዚአብሔር ለማደሪያው ድንኳን ሥራ ጥበብን ሰጠው፤ ቁጥር 34 ደግሞ ሌላውን የማስተማር ልብ እንደ ሰጠው ይናገራል። የእጅ ሙያና የማስተማር ልብ አብረው የተሰጡ ስጦታዎች ናቸው።

ስለዚህ እህቴ፣ ትምህርትሽን አታቋርጪ፤ አዲሱንም መሣሪያ አትሽሺው። እናንተም በየኅብረታችሁ ተያዩ። ኮምፒውተር የሚያውቅ ወንድም አለ፤ ሥራዋ የሚያሰጋት ጸሐፊ ወይም የሂሳብ ሠራተኛ እህትም አለች። ከፕሮግራም በኋላ አንድ ሰዓት አብራችሁ ተቀመጡ። የሚያውቀው ያሳያት፤ እርሷም ሥራው በእጅ እንዴት እንደሚሠራ ታስተምረው።