ጀርሜን አኮኚና የአሸዋው ወለል

በ1968 (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) አንዲት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ዳካር ውስጥ የአፍሪካ ዳንስ ማስተማሪያ ስቱዲዮ ከፈቱ። በከተማይቱ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። ሴኔጋል ነጻ ከወጣች ገና ስምንት ዓመቷ ነበር፤ በዓለም እየዞረ የአገሩን ጭፈራ የሚያሳይ ብሔራዊ ባሌም ነበራት። መምህርቷ ግን ያሰቡት ለተመልካች ስለሚቀርበው ትርኢት አልነበረም። ያሳሰባቸው የተወዛዋዡ አካል ነው፦ እንቅስቃሴው ከየት ይነሣል? በየት በኩል ያልፋል? ለሌላ ሰው እንዴት ይተላለፋል?

መምህርቷ ጀርሜን አኮኚ ናቸው፤ በ1944 ዛሬ ቤኒን በምትባለው አገር ተወልደው ሴኔጋል አደጉ። አያታቸው አሎፎ የዮሩባ ባህላዊ እምነት ካህን ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸውም ሥሬ ከእሳቸው ነው ሲሉ ኖረዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ሄደው በሲሞን ሲዬግል ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ተማሩ። ያን ጊዜ ሲያወሱ፣ እግራቸው ጠፍጣፋ መቀመጫቸውም ሰፊ በመሆኑ ለባሌ የሚመች ሰውነት እንዳልነበራቸው ይናገራሉ። ባሌን ሊመስሉ ሲታገሉ ከመኖር ይልቅ የራሳቸው ሰውነት የሚያውቀውን ይዘው አገራቸው ገቡ፤ ከምዕራብ አፍሪካ ጭፈራዎችና ከአውሮፓ ከቀሰሙት ሥልጠናም ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የዳንስ ስልት አወጡ።

የስልቱ ምሰሶ የጀርባ አጥንት ነው። አኮኚ የጀርባ አጥንትን የሕይወት ዛፍ ይሉታል። ደረት ላይ ፀሐይ አለች፤ መቀመጫ ላይ ጨረቃ፤ ከእምብርት በታች ደግሞ ከዋክብት። እንቅስቃሴዎቹ በዛፍና በውኃ አበባ ስም ይጠራሉ፤ ተማሪው ስሙን ሲሰማ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

እኔ እስክስታ አስተምራለሁ። ራሴ የተማርኩት በቀበሌ ኪነት ነው፤ አሠልጣኛችን ፊት ለፊታችን ቆመው ትከሻቸውን ይሰብቁና «እንደዚህ!» ይሉን ነበር። ዓይኑ ፈጣን የሆነው ያዘው፣ ያልሆነው ከኋላ ከበሮ ተሸካሚ ሆነ። ለዓመታት እኔም እንዲሁ አስተማርኩ። ጀማሪ ሁልጊዜ የሚስተው አንድ ነገር አለ፦ ትከሻውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ አንገቱ ይጠፋል፣ እጁ ይደርቃል፣ እስክስታው እዚያው ይሞታል። «ልቀቀው» ብትለው አይገባውም። የአኮኚን ስልት ካወቅሁ በኋላ ስለ ትከሻ ማውራቱን ትቼ «ደረትህ ላይ ያለችውን ፀሐይ አሳየኝ፣ አሁን ደብቃት» ማለት ጀመርኩ። ደረቱ ወደ ፊት ሲወጣና ሲመለስ ትከሻው ያለ ትእዛዝ ተከትሎት ይሄዳል። እስክስታ ከጀርባ አጥንት እንደሚነሣ አካሌ ድሮም ያውቀዋል፤ አፌ ግን የሚልበት ቃል አልነበረውም።

በ1977 ፕሬዚዳንት ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎርና የባሌው ሊቅ ሞሪስ ቤዣር ዳካር ውስጥ ሙድራ አፍሪክን አቋቋሙ። ቤዣር ብራስልስ ውስጥ ሙድራ የሚባል ትምህርት ቤት ነበረው፤ የዳካሩ የዚያ እህት ነበር። ለኃላፊነቱ የተመረጡት አኮኚ ናቸው። ከየአፍሪካው የመጡ ወጣቶች ባሌም ዘመናዊ ዳንስም የአፍሪካ ዳንስም ተማሩ፤ ታላቁ የከበሮ መምህር ዱዱ ንዲያዬ ሮዝ ምቱን አስተማራቸው። ሴንጎር በ1980 መጨረሻ ከሥልጣን ወረዱ። ትምህርት ቤቱ በ1982 ተዘጋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሙድራ አፍሪክ ከመዘጋቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አኮኚ የአፍሪካ ዳንስ የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳትመው ነበር። እርምጃው በፎቶግራፍና በጽሑፍ ተቀምጧል። ስለዚህ ሕንጻው ሲዘጋ ትምህርቱ አብሮ አልተዘጋም። የእኛ የቀበሌ ኪነቶች ደርግ ሲወድቅ ሲበተኑ ግን የተረፈው በአሠልጣኞቹ ሰውነት ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ሙድራ አፍሪክ ከተዘጋ በኋላ አኮኚ ብራስልስ ሄዱ፤ በ1985 ከባለቤታቸው ከሄልሙት ፎግት ጋር ፈረንሳይ አገር ቱሉዝ ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1995 ጓዛቸውን ጠቅልለው ሴኔጋል ተመለሱ።

ከዳካር በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ ቱባብ ዲያላው በተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ኤኮል ደ ሳብልን፣ የአሸዋውን ትምህርት ቤት፣ የጀመሩት በ1998 ነው፤ ግንባታው አልቆ የተመረቀው በ2004። ትልቁ የዳንስ አዳራሽ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የለውም፤ ስሙ አሎፎ ነው፣ በአያታቸው። ወለሉ አሸዋ ነው። አሸዋ ላይ እግር ይሰምጣል፤ ለመዝለል ጉልበት እጥፍ ይጠይቃል፣ ሲያርፉ ግን መገጣጠሚያን አይጎዳም። ሲሚንቶ ላይ ለዓመታት የዘለለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጉልበቱ ይነግረዋል።

ከዚያ አሸዋ ላይ ከተነሡት ሥራዎች ትልቁ ለእኔ ፋጋላ ነው። በ2004 ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ኮታ ያማዛኪ ጋር ስለ ሩዋንዳ የዘር ማጥፋት ሠሩት፤ መነሻው የቡባካር ቦሪስ ዲዮፕ ልብ ወለድ ነው። ሴቶችም ገዳዮችም የሚሆኑት ወንድ ተወዛዋዦች ብቻ ናቸው። በ2007 ኒውዮርክ ላይ ቤሲ የተባለውን የዳንስ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ራሳቸውም መድረኩን አልተዉም፤ በ2015፣ ሰባ ዓመት አልፏቸው፣ ኦሊቪዬ ዱቧ በስትራቪንስኪ ሙዚቃ ያዘጋጀላቸውን ሥራ ብቻቸውን ተወዛውዘውታል።

በ2020 ደግሞ ጀርመናዊቷ ፒና ባውሽ በ1975 የሠራችው የፀደይ መሥዋዕት የተሰኘ ዳንስ ወደ መንደሪቱ መጣ። ከ14 የአፍሪካ አገሮች የተሰባሰቡ ተወዛዋዦች አጠኑት። መጋቢት ላይ ዳካር ሊታይ ሲል ኮሮና ገባና ተሰረዘ። ተወዛዋዦቹ ከመበተናቸው በፊት ባሕሩ ዳር ወርደው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ጊዜ ሙሉውን ሠሩት፣ ተቀረጸም። ባውሽ ይህን ሥራ ታሳይ የነበረው መድረኩን አፈር አልብሳ ነው፤ እዚህ ግን መሬቱ ራሱ ነበረ። በዓመቱ የቬኒስ ቢዬናሌ ለአኮኚ የዕድሜ ልክ የወርቅ አንበሳ ሽልማቱን ሰጣቸው።

ዛሬ ከመንደሪቱ አጠገብ፣ ንዳያን ላይ፣ ትልቅ ወደብ እየተሠራ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ወዳጆች ቦታው ይጠብብን ይሆን ብለው ይሠጋሉ። ሕንጻ ነገም ሊፈርስ ይችላል። ስልቱ ግን ስም ስላለው በየአገሩ የተበተኑ ተማሪዎቹ ይዘውታል።

ከቀበሌም፣ ከከፍተኛም፣ ከክፍለ ሀገርም ኪነት የወጣችሁ አሠልጣኞቻችን፣ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ስድሳውን አልፋችኋል። የጎጃሙን ትከሻ ከጎንደሩ የሚለየው ምን እንደሆነ፣ የወሎው አንገት ከየት እንደሚነሣ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ስሙን ንገሩን፣ ስም ከሌለው አውጡለት፣ ጻፉት። መጻፉ ቢከብድ በልጆቻችሁ ስልክ አስቀርጹት፤ እኔ ቁጭ ብዬ እገለብጠዋለሁ።