የሞተር ሳይክል ጎማና ቸርኬ እጥበት

የሞተር ሳይክል ጎማና ቸርኬ እጥበት ጎማዎችንና የሚገጠሙባቸውን ቸርኬዎች ከጭቃ፣ ከቅባትና ከፍሬን ብናኝ የማጽዳት ሥራ ነው። በባልዲ ውኃ፣ በሳሙናና በብሩሽ በቤት ሊከናወን ይችላል። ሞተር ሳይክል መንገድ የሚነካው መዳፍ በሚያህሉ ሁለት የጎማ ክፍሎች ብቻ ስለሆነ፣ እጥበቱ ከውበት ባሻገር የደኅንነት ጉዳይ ነው።

የቆሻሻው ምንጭ

የኋላው ቸርኬ በብዛት የሚጠቁረው ከሰንሰለቱ (ካቴናው) በሚረጭ ቅባት ነው። ዲስክ ፍሬን ባለበት ቸርኬ ላይ ደግሞ የፍሬን ሸራው ከዲስኩ ጋር ሲፋተግ የሚወጣው ጥቁር ብናኝ ይከማቻል። ብናኙ ለሳንባ ጎጂ በመሆኑ በደረቁ አይራገፍም፤ በውኃ ርሶ ይታጠባል። በራጂዎች ሥር የሚቀር ጭቃ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ዝገት ያስከትላል።

አሠራር

ሞተር ሳይክሉ ሞተሩ ጠፍቶ በደልዳላ ቦታ ላይ በማቆሚያው ይቆማል፤ ዲስኩና የጭስ ማውጫውም እስኪቀዘቅዙ ይጠበቃል። በመጀመሪያ ጭቃው በብዙ ውኃ ይለቀቃል፤ አሸዋ በደረቅ ጨርቅ ከታሸ ቀለሙን ይጭራል። ቸርኬው ላይ የተጋገረ ቅባት ጥቂት ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ጋዙ ጎማውንና ዲስኩን መንካት የለበትም። ከዚያም ቸርኬውና ጎማው በሳሙና ይታጠባሉ። በራጂዎች መካከል ላለው ጠባብ ቦታ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያገለግላል። አሲድ ያለበት ማጽጃ ያልተቀባ አሉሚኒየምን ያበላሻል። ኃይለኛ የውኃ ግፊት ወደ ቸርኬው መሃል ከተረጨ ወደ ኩሽኔታው ገብቶ ግሪሱን ሊያጥበው ይችላል።

ጥንቃቄ

ቸርኬው የሚዞረው በእጅ ብቻ ነው። ሞተሩን አስነስቶ ማርሽ በማስገባት ጎማውን እያዞሩ መጥረግ አደገኛ ነው፤ ጨርቁ በካቴናውና በጥርሳማው መዘውር መካከል ከተያዘ ጣት እስከ መቁረጥ ያደርሳል።

የጎማ ማብለጫ፣ ዘይትና ሰም መሬት በሚነካው የጎማው ክፍል ላይ አይቀቡም፤ በተለይ ለመታጠፍ ሲያዘነብሉ ጎማው ሊንሸራተት ይችላል። ዲስክ ወይም የፍሬን ሸራ ቅባት ከነካው ፍሬኑ ይደክማል። ከእጥበት በኋላም ፍሬኑ እርጥብ ስለሚሆን፣ ቀስ ብሎ እየነዱ ደጋግሞ በመያዝ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ምርመራ

ንጹሕ ጎማ ላይ ስንጥቅ፣ የተሰካ ሚስማር ወይም ያለቀ ጥርስ በቀላሉ ይታያል። በብሪታንያ ሕግ ከ50 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተር ሳይክል የጎማ ጥርስ ጥልቀት ከ1 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። በጎማው ጎን የሚገኙት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ 2319 ማለት የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው። ራጂ በመፍቻ ቀስ ተደርጎ ሲመታ የጠበቀው ጥርት ያለ፣ የላላው ግን የደነዘዘ ድምፅ ይሰጣል።