ሦስተኛ ማዕረግ በኤሊስ ደሴት

ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ስለ ፈለሰው ሕዝብ ባነበብን ቁጥር የሚመጣብን አንድ ሥዕል ነው። መርከቡ ኒውዮርክ ወደብ ይደርሳል፤ የነፃነት ሐውልት ብቅ ይላል፤ ሕዝቡ ጠርዝ ላይ ተጋፍቶ ያለቅሳል። ሐሰት ነው አንልም። ግን ከዚያ በኋላ ማን በየት በኩል ወረደ ብለን ስንጠይቅ ሥዕሉ ለሁለት ይከፈላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤሊስ ደሴት የስደተኞች መፈተሻ ሆና የተከፈተችው በ1892 ነው። መርከቡ በመጀመሪያ ወደቡ መግቢያ ላይ ቆሞ ኮሌራ፣ ፈንጣጣ ወይም ታይፈስ ይዞ እንደሆነ ይታያል። ቀጥሎ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ይሳፈሩና የአንደኛና የሁለተኛ ማዕረግ መንገደኞችን እዚያው መርከቡ ላይ ጥቂት ጠይቀው ያሰናብታሉ። የታመመ ወይም የሚያጠራጥር ነገር ያለበት ካልሆነ በቀር እነዚህ ሰዎች ደሴቲቱን አይረግጧትም። መርከቡ ማንሃተን ሲጠጋ ወርደው ወደየጉዳያቸው ነው። በመርከቡ ሆድ ውስጥ ታጭቆ የመጣው ሦስተኛ ማዕረግ ግን ጓዙን ተሸክሞ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ልብሱ ላይ አንጠልጥሎ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ይጋዛል። ሚያዝያ 17 ቀን 1907 ብቻ 11,747 ሰው በዚያች ደሴት አለፈ።

ለምን ተለያዩ? የ1882 እና የ1891 ሕጎች «የሕዝብ ሸክም» ይሆናል የተባለ ሰው እንዳይገባ ይከለክላሉ። ውድ ቲኬት የገዛ ሰው ደግሞ ሸክም አይሆንም ተብሎ ታሰበ። እንግዲህ ቲኬቱ ራሱ የጤናም የጠባይም ምስክር ወረቀት ሆነ ማለት ነው! ይህ የገባቸው አንዳንዶች እንደ ምንም ገንዘብ አጠራቅመው የሁለተኛ ማዕረግ ቲኬት ይገዙ ነበር። ማዕረግ ያልነው የቲኬቱን ደረጃ ነው፤ መደብ ብንለውም ከእውነቱ አንርቅም።

ደሴቲቱ ላይ ምርመራው የሚጀምረው ሰዎቹ ሳያውቁት ነው። ወደ ትልቁ አዳራሽ የሚያስገባውን ደረጃ ሲወጡ ሐኪሞች ቆመው ይመለከቷቸዋል፤ ማን አነከሰ፣ ማን ትንፋሽ አጠረው እያሉ። አንዱን ሰው ለማየት የሚበቃቸው ጥቂት ሰኮንድ ነው። የተጠረጠረው ልብሱ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል፤ ለልብ «ኤች»፣ ለዓይን «ኢ»፣ ለአእምሮ «ኤክስ»። እኛ ጠመኔን የምናውቀው ከጥቁር ሰሌዳ ነው፤ እዚያ ግን ሰሌዳው ሰው ነበር። ከሁሉ የሚፈራው የትራኮማ ምርመራ ነው፤ የጫማ ቁልፍ በሚቆለፍበት መንጠቆ ሳይቀር የዓይን ቆብ ይገለበጥ ነበር። ትራኮማ የተገኘበት ተመላሽ ነው። ትንሽ ልጅ ከተመለሰ ከወላጆቹ አንዱ አብሮት መመለስ አለበት። ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር? ቤተሰቡ እዚያው ይወስናል።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ በ1907 አካባቢ 29 ያህል ነበር። አንዱ ጥያቄ ግን ወጥመድ ነው፦ «የሚጠብቅህ ሥራ አለ ወይ?» አለኝ ካለ፣ በ1885 የወጣው ሕግ አስቀድሞ በውል የተቀጠረ ሠራተኛ እንዳይገባ ይከለክላል። የለኝም ብሎ ኪሱም ባዶ ከሆነ ሸክም ነው። ትክክለኛው መልስ «ሥራ የለኝም፣ ግን ጉልበት አለኝ» ዓይነት ነገር ነበር። በአስተርጓሚ አፍ ይህን ለመመለስ ምን ያህል ብልጠት ያስፈልግ እንደነበር መገመት አያቅተንም።

ይህን ሁሉ አልፈው ተከልክለው የተመለሱት ከ100 ሁለት ያህል ብቻ ናቸው። ስናነብ ገርሞን ነበር። ምክንያቱ የደሴቲቱ ርኅራኄ አይደለም። የ1891 ሕግ የተከለከለውን ሰው መርከብ ኩባንያው በራሱ ወጪ እንዲመልስ ያስገድዳል፤ በ1903 ደግሞ ሲሳፈር ሊታወቅ ይችል የነበረ ተላላፊ በሽታ ያለበትን ሰው ላመጣ ኩባንያ 100 ዶላር ቅጣት ተጨመረ። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ዘበኛ ሆኑ። በሀምቡርግ፣ በብሬመን፣ በኔፕልስ መንገደኛው ገና ሳይሳፈር ይመረመራል፣ ይታጠባል፣ ልብሱ በእንፋሎት ይቀቀላል። ገና እዚያው የቀረውን ማን ቆጠረው? ስሙም የሚጻፈው እዚያው ነው። መዝገቡን የሚሞላው የኩባንያው ጸሐፊ ሲሆን የኤሊስ ደሴት ተቆጣጣሪ በመዝገቡ ላይ እያመሳከረ ይጠይቃል እንጂ አዲስ ስም አያወጣም። «ስማችንን ኤሊስ ደሴት ላይ ለወጡት» የሚለው ዝነኛ ወግ በዚህ ምክንያት አይጸናም፤ ብዙዎች ስማቸውን የለወጡት ኋላ፣ በገዛ እጃቸው ነው።

በ1924 የወጣው ሕግ ከየአገሩ የሚገባውን ሰው በኮታ ወስኖ ቪዛ ከቆንስላ እንዲወሰድ አዘዘ። ደሴቲቱ ቀስ በቀስ ባዶ እየሆነች ሄዳ በኅዳር 1954 ተዘጋች። ሰልፉ ግን ቀድሞ ወደ ቆንስላዎቹ በር ተዛውሮ ነበር።