ርስትና ጭሰኝነት በድረ ገጽ ዓለም

በድሮው የመንዝና የተጉለት ሥርዓት ገበሬው መሬት የሚይዘው ከአንድ አቅኚ አባት በሚቆጠር የዘር ሐረግ ነበር። ባለርስቱ ግብር ይገብራል እንጂ ከመሬቱ በቀላሉ አይነቀልም። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የነበረው ጭሰኛ ግን ጎጆ ቀልሶ፣ ባሕር ዛፍ ተክሎ ቢኖርም ባለመሬቱ ሲያሻው ያስነሳዋል። ይህን ሥርዓት የዘጋው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ የበግ ጸጉር ምንጣፍ የሚሸጥ ነጋዴ ወይም አንኮበር የሚያስጎበኝ ወጣት ድረ ገጽ ሊያሠራ ሲነሳ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ነፃውን ልጠቀም ወይስ ልክፈል? ጥያቄው ጎደሎ ነው። ከዋጋው በፊት መሬቱ የማን እንደሆነ መታየት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው ጂኦሲቲስ ለማንም ሰው ያለ ክፍያ ገጽ ይሰጥ ነበር። ገጾቹን በሰፈር በሰፈር ከፋፍሎ፣ ባለቤቶቹን ሰፋሪዎች ብሎ ይጠራቸው ነበር። በ1999 ያሁ ከ3.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሚያወጣ አክሲዮን ገዛው። በዚያው ዓመት ሰዎቹ በጻፉት ጽሑፍና በለጠፉት ፎቶ ላይ ሰፊ መብት የሚሰጠው ውል አወጣና ተቃውሞ ሲበረታበት አፈገፈገ። ጥቅምት 26 ቀን 2009 ደግሞ አገልግሎቱን ዘጋው። የተወሰነውን ክፍል ገልብጠው ያተረፉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የቀረው ጠፋ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ሌላ ታሪክ አለ። ቢ-ቱ የሚባል አነስተኛ ሶፍትዌር ነበር። ሠሪው ሚሼል ቫልድሪጊ ሥራውን ሲተወው ተጠቃሚዎቹ ሜዳ ላይ የሚቀሩ መስለው ነበር። ነገር ግን የሶፍትዌሩ ፈቃድ ማንም ሰው ኮዱን ወስዶ እንዲቀጥለው ይፈቅድ ስለነበር አሜሪካዊው ተማሪ ማት ሙለንዌግና እንግሊዛዊው ማይክ ሊትል ተረከቡት። ግንቦት 27 ቀን 2003 ዎርድፕረስ ብለው አወጡት።

አማርኛችን እዚህ ላይ ያሳስታል። ነፃ ስንል ያለ ክፍያ ማለታችንም ነው፣ ጌታ የሌለበት ማለታችንም ነው። ጂኦሲቲስ ነፃ የነበረው በመጀመሪያው ትርጉም ብቻ ነው። የዎርድፕረስ ሶፍትዌር በሁለቱም ነው። (ዎርድፕረስ ዶት ኮም የሚባለው ግን በዚያው ሶፍትዌር ቦታ የሚያከራይ ድርጅት ነው፤ ጀማሪዎች ዘወትር የሚምታታባቸው ይህ ነው።)

መክፈልም ብቻውን ባለርስት አያደርግም። በዊክስ የተሠራ ገጽ ተነቅሎ ሌላ ድርጅት ዘንድ አይተከልም፤ መልቀቅ የፈለገ እንደ አዲስ ይሠራል። ኪራዩም በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ድርጅቱ በዋጋው ላይ ሳንቲም ሳይጨምር የደብረ ብርሃኑ ተከራይ ሂሳብ እጥፍ ሊሆን ደረሰ። በዶላር የሚከፍልበት ካርድ ካገኘ ነው ደግሞ!

ብዙው ነጋዴ ይህን ሁሉ ትቶ በፌስቡክና በቴሌግራም ገጽ ይሠራል። አይፈረድበትም፣ ደንበኛው ያለው እዚያ ነው። ይሁን እንጂ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ሁለቱም ከቲክቶክና ከዩቲዩብ ጋር ተገድበው አምስት ወር ገደማ ቆይተዋል። የራስ አድራሻም ከሁሉ አያድንም። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ባለገጹ የገዛ ገጹን መክፈት አልቻለም፤ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ያለ ገዢ ግን ሰርቨሩ ሌላ ቦታ እስካለ ድረስ ዋጋውን ማንበብ ይችላል።

ስለዚህ ገንዘቡ ጥቂት ለሆነ ሰው ሶፍትዌሩን በነፃ ወስዶ፣ ያችን ጥቂት ብር ለአድራሻውና ለማስቀመጫ ቦታው መክፈል ይሻለዋል። በዶት ኢቲ የሚያልቁ አድራሻዎችን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ ለእነሱ ዶላር ፍለጋ መሄድ የለም። ሲመዘገብ ግን ስሙ መታየት አለበት፦ የነጋዴው ነው ወይስ ድረ ገጹን የሠራለት ልጅ?