አይኖ አክቴ፦ ከፓሪስ ወደ ምሽጉ ግቢ

ሶፕራኖዋን አይኖ አክቴን የፓሪስ ኦፔራ ያወቃት በ1897 (እ.ኤ.አ.) «ፋውስት» ውስጥ ማርጌሪትን ሆና ስትዘፍን ነው። የሄልሲንኪ ልጅ ናት፤ ገና 21 ዓመቷ። አገሯ ፊንላንድ ያኔ በሩሲያ ዛር ሥር ነበረች።

በ1904 ኒው ዮርክ ሄደች። በ1910 ደግሞ ለንደን ለመጀመሪያ ጊዜ ባየችው በሪቻርድ ሽትራውስ «ሳሎሜ» ዋናዋን ሴት ተጫወተች። የእንግሊዝ ሳንሱር ቃሉን ካልሸራረፍኩ አለ፤ የዮሐንስ ስም እንኳ እንዳይጠራ «ነቢዩ» ተባለ። የኦርኬስትራው መሪ ቶማስ ቢቻም በኋላ እንዳወጋው ግን፣ ዘፋኞቹ መድረክ ላይ ሲሞቃቸው ወደ እውነተኛው ቃል ተመለሱ። (ሳንሱር የትም አገር ያው ነው መቼም!)

ታሪኳ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍነው። አውሮጳ ያጨበጨበለትን ድምፅ ይዛ እዚያው መኖር ማን ከለከላት? እሷ ግን በ1911 ከኤድቫርድ ፋዘር ጋር ሆና ሄልሲንኪ ላይ የኦፔራ ቡድን አቋቋመች፤ የዛሬው የፊንላንድ ብሔራዊ ኦፔራ የተወለደው ከዚያ ነው። በ1912 ደግሞ ሳቮንሊና ከተማ፣ በውሃ በተከበበው የኦላቪንሊና ምሽግ፣ የኦፔራ ፌስቲቫል ከፈተች። የቀረበው የሜላርቲን «አይኖ» ነው፤ ስሙ ከስሟ መግጠሙ! ታሪኩ ከካሌቫላ፣ ከሕዝቡ የቃል ግጥም፣ የተቀዳ ነው፤ ቋንቋውም የራሳቸው። ፊንላንድ ነፃነቷን ያወጀችው ከዚያ አምስት ዓመት ቆይታ ነው።

ፌስቲቫሉን ጦርነት አቋረጠው። በ1916 እና በ1930 ደግማ ሞከረች፤ አልዘለቀም። በ1944 አረፈች። በ1967 እዚያው ምሽግ ውስጥ እንደገና ተጀመረ።