«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ፦ ከንድፍ ሰሌዳ እስከ የመን ወደብ



ስለ ፍሪጌት እንድናገር ተጋብዤ ፍሪጌት ባልነበረች መርከብ መጀመሬ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። የዘመናችን የባሕር ኃይል ታሪክ ግን ያለ እርሷ አይተረክም፤ ከተመሳሳይ ንድፍ የተሠሩ እኅቶቿም በሌሎች አገሮች ፍሪጌት ተብለው አገልግለዋል። የመርከብ ስያሜ ከብረቱ ይልቅ የባለቤቱን ፍላጎት እንደሚከተል ከዚህ እንረዳለን።

መርከቧ የተወለደችው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሃውተን በሚገኘው የሌክ ዋሽንግተን የመርከብ ግንባታ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1942 ውኃ ነካች፤ በጥር 1944 «ኦርካ» ተብላ አገልግሎት ጀመረች። የባርኔጋት ምድብ አባል ነበረች። የዚህ ምድብ ነዳፊዎች የተሰጣቸው ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ ውኃ ላይ የሚያርፉ የቅኝት አውሮፕላኖች የአየር ማረፊያ በሌለበት ደሴት እንዴት ነዳጅ፣ ጥገናና መኝታ ያገኛሉ? ትላልቆቹ ደጋፊ መርከቦች ውድ ናቸው፤ ጥልቀት ወደሌለው ወደብም አይገቡም። መልሱ 95 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ ውኃ ውስጥ ከ4 ሜትር ጥቂት ብቻ የምትዘልቅ፣ በዲዝል ሞተር በ18 ኖት ፍጥነት የምትጓዝ መርከብ ሆነ። 80,000 ጋሎን የአውሮፕላን ነዳጅ ትይዛለች። መድፎቿ ራሷን ለመከላከል ያህል ነበሩ።

አንድ ቁጥር ላይ ቆም ልበል፤ የክርክሬ መሠረት ነውና። የዚህ ምድብ መርከብ የራሷ ሠራተኞች 215 ሲሆኑ፣ የአውሮፕላን ክፍሉ ሲጨመር 367 ሰው ታሳድር ነበር። አውሮፕላኖቹ ሲቀሩ የ150 ሰው አልጋ፣ ምግብ ቤትና መሥሪያ ክፍል ባዶ ይቀራል ማለት ነው። ባዶ አልጋ ያላት የጦር መርከብ ደግሞ ከትምህርት ቤት ብዙ አትርቅም። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1958 ከዚሁ ምድብ አንዷን ወስዳ «ሆኮን ሰባተኛ» በሚል ስም የማሠልጠኛ መርከብ አደረገቻት።

«ኦርካ» በጦርነቱ ከኒው ጊኒ እስከ ፊሊፒንስ ሠርታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1946 በቢኪኒ ደሴት በተካሄደው የአቶም ቦምብ ሙከራም ተሳትፋለች። ይህን ዘመን በፍጥነት አልፈዋለሁ፤ በእንግሊዝኛ በደንብ ተጽፏል።

ኢትዮጵያ ከኤርትራ ጋር በፌዴሬሽን ከተቆራኘች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሕር ኃይሏን ስታቋቁም መርከብም፣ መኮንንም አልነበራትም። መኮንኖቹን ለማፍራት የኖርዌይ ባለሙያዎች አገዙ። እ.ኤ.አ. በጥር 1962 አሜሪካ «ኦርካን» በውሰት ሰጠች፤ የአገሪቱን ስም ተቀብላ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ ሆነች።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን «የክብር ጌጥ» ይሉታል። ንጉሠ ነገሥቱ በየዓመቱ በምጽዋ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የውጭ የጦር መርከቦችን የሚቀበሉበት መድረክ እንደነበረች አልክድም። ነገር ግን ጌጥ ብቻ ብትሆን ኖሮ ዕጩ መኮንኖች የሚሳፈሩባት ባልሆነች ነበር። አገሪቱ በጊዜው የጎደላት ሚሳይል አልነበረም፤ በኮከብ አቅጣጫ የሚለካ፣ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ነበር። በእኔ አስተያየት ለዚህ የተሻለ ብረት በዚያ ዋጋ አይገኝም ነበር።

ከ1977 በኋላ ግን ወዳጅና ጠላት ቦታ ተለዋወጡ። የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ከሶቪየት ኅብረት የሚሳይል ጀልባዎች መጡ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም ሁለት የፔትያ ፍሪጌቶች። ፔትያ በመካከል ዲዝል፣ በሁለቱ ጎን ጋዝ ተርባይን የተገጠመላት ፈጣን አዳኝ ናት፤ የተነደፈችው ሰርጓጅ መርከብ ለማባረር ነው። የተፋለመን ኃይል ግን ሰርጓጅ አልነበረውም፤ ፈጣን ጀልባ ነበረው። አስቂኙ ነገር ደግሞ «ፍሪጌት» የተባለችው ሙሉ ጭነቷ 1,150 ቶን ገደማ ሲሆን፣ 2,600 ቶን የምትጠጋው አሮጊቷ «ኢትዮጵያ» እስከ መጨረሻው ትልቋ መርከባችን ሆና መቆየቷ ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1990 ምጽዋ በኤርትራ ሕዝባዊ ነጻ አውጪ ግንባር እጅ ገባች። የምጽዋን መሰናበት ከፖለቲካ ዓይን ብቻ ማየት ለምደናል። የመርከብ ታሪክ ጸሐፊ ግን ሌላም ይጠይቃል፦ ደረቅ መርከብ መጠገኛ፣ መሥሪያ ቤት፣ መለዋወጫ መጋዘን ያጣ ባሕር ኃይል ስንት ወር ይንሳፈፋል? በ1991 መንግሥቱ ሲወድቅ «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ሸሸች።

እዚህ ላይ የእኅቶቿ ዕጣ ይመሳሰላል። ሰባቱ ለደቡብ ቬትናም ተሰጥተው ፍሪጌት ተብለው ነበር፤ ሳይጎን በ1975 ስትወድቅ ስድስቱ ሰው ጭነው ወደ ፊሊፒንስ ሸሹ፤ ከእነርሱም አራቱ በፊሊፒንስ ባንዲራ ዳግመኛ ፍሪጌት ሆኑ። የእኛዋ ግን የሚቀበላት ባሕር ኃይል አላገኘችም። እ.ኤ.አ. በ1993 የመን ለቁርጥራጭ ብረት ሸጠቻት፤ የቀሩት መርከቦች በ1996 ጅቡቲ ላይ በጨረታ ተሸጡ።

ብረቱ ቀልጧል፤ በእርሷ ላይ የተማሩት ሰዎች ግን አሁንም በመካከላችን አሉ፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። የምረቃ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ መቅረጫችሁን ይዛችሁ ወደ እነርሱ ሂዱ። ስለ ሞተር ክፍሉ ሙቀት፣ ስለ ጥበቃ ፈረቃው፣ በ1991 ከወደብ ሲወጡ ማን ምን እንዳዘዘ ጠይቋቸው።