የጥራጥሬ ሰብሎች የማበቢያ ጊዜ

የማበቢያ ጊዜ አንድ ተክል ከበቀለበት ዕለት አንስቶ የመጀመሪያውን አበባ እስከሚያወጣበት ድረስ ያለው የቀናት ብዛት ነው። እንደ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ቦሎቄና አኩሪ አተር ባሉ ጥራጥሬዎች ይህን ጊዜ የሚወስኑት የቀን ርዝመት፣ የብርሃን ዓይነት፣ የአየር ሙቀትና የተክሉ ዘረመሎች (ጂኖች) ናቸው። ዝናብ ካቆመ በኋላ በአፈር ውስጥ በቀረ እርጥበት ብቻ በሚለማ ማሳ ላይ፣ አበባው የሚወጣበት ጊዜ ሰብሉ ፍሬ መቋጠር አለመቋጠሩን ይወስናል።

የቀን ርዝመት

ተክሎች የቀንን ርዝመት ለይተው እንደሚያብቡ ጋርነርና አላርድ የተባሉ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1920 በትምባሆና በአኩሪ አተር ላይ ባደረጉት ሙከራ አሳዩ። በዚህ ረገድ ጥራጥሬዎች በሁለት ይከፈላሉ።

• የረጅም ቀን ሰብሎች፦ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ። ቀኑ ሲረዝም ማበባቸው ይፈጥናል።
• የአጭር ቀን ሰብሎች፦ አኩሪ አተር፣ ማሾና ብዙዎቹ የቦሎቄ ዓይነቶች። ሌሊቱ ሲረዝም ማበባቸው ይፈጥናል።

ከጎንደር በስተ ምዕራብ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የጭልጋዋ አይከል ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። በዚህ ኬክሮስ ረጅሙ ቀን በሰኔ አጋማሽ ወደ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ አጭሩ ደግሞ በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ 11 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይሆናል። ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ቢሆንም፣ ለቀን ርዝመት ብርቱ ምላሽ የሚሰጥ ዝርያ የሚያብብበትን ጊዜ ለመለወጥ ይበቃል።

የብርሃን ዓይነት

ተክል የብርሃንን መጠን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም ይለያል። ፋይቶክሮም የሚባለው ፕሮቲን 660 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ንቁ ይሆናል፤ 730 ናኖሜትር ገደማ ያለው ሩቅ ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ደግሞ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ይህ መመላለስ በቤልትስቪል፣ ሜሪላንድ በሰላጣ ዘር ላይ የተደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ሰማያዊ ብርሃንን የሚለዩት ደግሞ ክሪፕቶክሮም የተባሉ ፕሮቲኖች ናቸው።

አረንጓዴ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፤ ሩቅ ቀዩን ግን በአብዛኛው ያሳልፋል ወይም ያንጸባርቃል። ስለዚህ በአረም ወይም በሌላ ሰብል መካከል ያለ ተክል የሚደርሰው ብርሃን ከቀይ ይልቅ በሩቅ ቀይ የበለጸገ ነው። ተክሉም ይህን የጎረቤት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። በምስር ላይ የተደረጉ ጥናቶች በእንዲህ ዓይነት ብርሃን ሥር ብዙ ዝርያዎች ቀድመው እንደሚያብቡ አሳይተዋል። ቀድሞ ማበብ ግን ብዙ ምርት ማለት አይደለም፤ ጥላ ያለበት ተክል ቀጥኖ ያድጋል፣ የሚሸከመውም ፍሬ ሊያንስ ይችላል።

ዘረመሎች

ቅጠሉ የተቀበለውን ምልክት ወደ ቡቃያው ጫፍ የሚያደርሰው ኤፍቲ በተባሉ ዘረመሎች የሚሠራ ፕሮቲን ነው። በአተር ፋይቶክሮም ኤ ቀኑ መርዘሙን ለመለየት ያስፈልጋል፤ ፋይቶክሮም ቢ ደግሞ ማበብን ያዘገያል።

ከውስጣዊው የጊዜ መቁጠሪያ ክፍሎች አንዱ የሆነው ኢኤልኤፍ3 በጥራጥሬዎች ታሪክ ልዩ ቦታ አለው። በአተር፣ በምስርና በሽምብራ ይህ ዘረመል ሲዳከም ተክሉ ረጅም ቀን ሳይጠብቅ ያብባል። በአኩሪ አተር ግን ውጤቱ ተቃራኒ ነው፦ ጄ የተባለው የዚሁ ዘረመል አቻ ሲዳከም ተክሉ በአጭር ቀን ቶሎ ማበቡን ትቶ በቂ ቁመትና ቅጠል ያበጃል። አኩሪ አተር ለምድር ወገብ ቅርብ በሆኑ አገሮች በስፋት እንዲለማ ያስቻለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በአይከልና በአካባቢው

በጎንደር ደጋና ወይና ደጋ ጥቁር የመረሬ አፈር ላይ ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑ እስከ ታኅሣሥ እያጠረ፣ አፈሩም እየደረቀ ይሄዳል። በመሆኑም የረጅም ቀን ሰብል ከሁለት በኩል ተቃራኒ ምልክት ይደርሰዋል፦ የቀኑ ማጠር «ቆይ» ሲለው የእርጥበቱ ማለቅ «ፍጠን» ይለዋል። ለቀን ርዝመት ብርቱ ምላሽ የሚሰጥ ዝርያ ቢዘራ አበባው ዘግይቶ ፍሬው ሳይሞላ ሊደርቅ ይችላል።

ምስር ከምዕራብ እስያ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ህንድ ሲዛመት ለቀን ርዝመት የሚሰጠው ምላሽ ቀንሷል። ቀድሞ የደረሰውን ለዘር እየያዙ ያቆዩ ገበሬዎች ለዚህ ለውጥ ድርሻ አላቸው።

ከአይከል ወደ መተማ ቆላ ሲወረድ ኬክሮሱ እምብዛም ስለማይለወጥ የቀኑ ርዝመት ያው ነው ማለት ይቻላል፤ የሚለየው ሙቀቱ ነው። ሙቀት በተወሰነ ደረጃ ማበብን ስለሚያፋጥን አንድ ዝርያ በሁለቱ ቦታዎች በተለያየ ቀን ያብባል። በመተማ ዝናብን ተከትለው የሚዘሩት አኩሪ አተርና ማሾ በቀኑ ማጠር የሚፋጠኑ ናቸው። ስለዚህ ለረጅም የበጋ ቀን ከተዘጋጁ የሰሜን አገሮች የመጣ የአኩሪ አተር ዝርያ እዚያ ቢዘራ ገና ሳያድግ ያብባል።

ለዝርያ ማሻሻል ያለው ጥቅም

አዳቃዮች በሩቅ ቀይ የበለጸገ ሰው ሠራሽ ብርሃን በመጠቀም ጥራጥሬን ቶሎ በማሳበብ በአንድ ዓመት ብዙ ትውልድ ማግኘት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የአሁኑ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ያሰባሰባቸው የአገር ዝርያዎችም ለዚህ ሥራ የዘረመል ምንጭ ናቸው። ተፈላጊው ዝርያ ግን ሁልጊዜ ፈጣኑ አይደለም፤ በቂ አካል አብጅቶ፣ እርጥበቱ ሳያልቅ የሚያብበው ነው።